ወርቁ ከየት መጣ? ጦርነት፣ ዘረፋና ኩባንያዎች



በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ጦርነት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጦር መሪዎች ነው። ማን ዘመተ፣ ማን አሸነፈ፣ ውሉ የትና መቼ ተፈረመ። ተማሪው ይህንን በቃሉ ይይዝና ፈተናውን ያልፋል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ጦርነት ገንዘብ ይፈልጋል። ጥይት በነፃ አይመጣም፤ ወታደርም በባዶ ሆዱ አይዋጋም። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ዘረፋ ሲባል ዓይናችን የሚያርፈው ጠመንጃ በያዘው ሰው ላይ ነው። የተዘረፈውን የሚገዛው፣ የሚያቀልጠውና የሚሸጠውስ ማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ በአንድ ዕቃ፣ በወርቅ፣ እንከተለዋለን። የመረጥናቸው ሁለት ታሪኮች ናቸው። አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፓ የሆነ ነው። ሌላው ለእኛ በጣም ቅርብ ነው፤ በምሥራቅ ኮንጎ የሆነ ሲሆን፣ ከዚያ ሸሽተው የመጡ ሰዎች በየካምፑ ጎረቤቶቻችን፣ የክፍል ጓደኞቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን ናቸው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ወርቅ ለምን?

ዘራፊ ወርቅን የሚወድበት ምክንያት ቀላል ነው። ወርቅ ከባድ ነው፣ ግን ትንሽ ቦታ ይይዛል። አንድ ኪሎ ወርቅ ሁለት የክብሪት ቀፎ ቢያክል ነው። በኪስ ይገባል፣ ድንበር ይሻገራል፣ አይበሰብስም፣ አይዝግም፣ የትም አገር ገዢ አያጣም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጠባይ አለው። በአገራችን «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» ይባላል። አንጥረኛው ወርቁን በማቅለጫው አድርጎ በወናፍ ሲያነደው ቆሻሻው ከወርቁ ይለያል። እውነት ነው፣ እሳት ወርቅን ያጠራል። ያው እሳት ግን ሌላም ሥራ ይሠራል። ወርቅ 1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ይቀልጣል። ያን ጊዜ ቀለበቱ ቀለበትነቱን፣ የአንገት ሐብሉ ሐብልነቱን፣ ሳንቲሙም የመንግሥቱን ማኅተም ያጣል። ከአሥር ቤት የተዘረፈ ወርቅ በአንድ ማቅለጫ ከገባ በኋላ የማን የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። በሌላ አነጋገር ማጣሪያው ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ያጥበዋል። ስለዚህ በወርቅ ዘረፋ ታሪክ ውስጥ ዋናው በር የወርቅ ማጣሪያ ፋብሪካ ነው። በዚያ በር የሚቆሙት ደግሞ ወታደሮች አይደሉም፤ ኬሚስቶች፣ ሒሳብ ሠራተኞችና ሥራ አስኪያጆች ናቸው።

የመጀመሪያው ታሪክ፦ ደጉሳ እና የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ

ደጉሳ በ1873 በፍራንክፈርት ከተማ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ስሙ አጽሕሮተ ቃል ሲሆን፣ ሙሉው ሲተረጎም የጀርመን የወርቅና የብር መለያ ድርጅት እንደማለት ነው። ጀርመን አንድ አገር ስትሆን የየግዛቱን አሮጌ ሳንቲም እያቀለጠ ወርቁንና ብሩን መለየት የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ሲጀምር የተከበረ ሙያ ያለው፣ ሕጋዊ ድርጅት ነበረ።

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ያዙ። በየካቲት 1939 በጀርመን ያሉ አይሁዶች ያላቸውን ወርቅ፣ ብር፣ ፕላቲኒየምና የከበረ ድንጋይ ሁሉ በማዘጋጃ ቤቶች ሥር ላሉ የመያዣ ብድር ቤቶች እንዲያስረክቡ ታዘዘ። የጋብቻ ቀለበትና ጥቂት የቤት ዕቃ ብቻ ተፈቀደላቸው። የሚከፈላቸውም ከዋጋው እጅግ ያነሰ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ገና ጦርነቱ አልተጀመረም፤ ነገሩም በአዋጅ የተደረገ ነው። የሻማ መቅረዙ፣ የብር ማንኪያው፣ የአያት ጌጥ ተሰብስቦ መቅለጥና መጣራት ነበረበት። ያንን ሥራ ካገኙት ዋነኛው ደጉሳ ነበር። ለአገልግሎቱ ተከፈለው፤ ለፋብሪካው የሚያስፈልገውን ብረትም አገኘበት።

ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነገሩ ከዚህ ወደ ባሰ ሄደ። ከነሐሴ 1942 ጀምሮ ብሩኖ ሜልመር የሚባል የኤስ ኤስ መኮንን ከሞት ካምፖች የተሰበሰበ ንብረት በርሊን ወደሚገኘው ማዕከላዊ ባንክ ያመላልስ ጀመር። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ 76 ጊዜ አስረክቧል። በሳጥኖቹና በሻንጣዎቹ ውስጥ የነበረው የእጅ ሰዓት፣ የጋብቻ ቀለበት፣ የመነጽር ፍሬም፣ ሳንቲም፣ ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከተገደሉ ሰዎች አፍ የተነቀለ የወርቅ ጥርስ ነበር። ባንኩ ይህንን ሁሉ እየመዘነ፣ እየመዘገበ፣ ደረሰኝ እየቆረጠ ተረከበ። የሚሸጠውን ሸጠ፤ የሚቀልጠውን ከፊሉን ለመንግሥት የሳንቲም ማተሚያ፣ ከፊሉን ለደጉሳ ላከ። ደጉሳም አጥርቶ ጥፍጥፍ ወርቅ አድርጎ መለሰ።

ሌላም ነገር አለ። ደጉሳ ዴጌሽ በተባለ ኩባንያ ውስጥ 42.5 በመቶ ድርሻ ነበረው። ዴጌሽ ዚክሎን ቢ የተባለውን መርዝ የሚያከፋፍል ድርጅት ነበር። መርዙ በአውሽዊትዝ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለውበታል። ስለዚህ የአንድ ኩባንያ ስም በግድያው መሣሪያም፣ ከግድያው በኋላ በተሰበሰበው ወርቅም ላይ ይገኛል።

በ1997 ደጉሳ ራሱ ፒተር ሄይስ የተባሉትን አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ መዝገቡን ከፍተው እንዲያጠኑ ጠየቀ። መጽሐፋቸው በ2004 ወጣ። ከመጽሐፉ የምንረዳው የኩባንያው ኃላፊዎች አንድ ቀን ጠዋት ተነስተው «ዛሬ ወንጀል እንሥራ» ብለው እንዳልጀመሩ ነው። በየደረጃው አንድ ትንሽ እርምጃ ወሰዱ። ሥራው እንዳያመልጣቸው፣ ተፎካካሪ እንዳይቀድማቸው፣ ከመንግሥት ጋር እንዳይጋጩ። አንዱን እርምጃ የወሰደ ሰው ቀጣዩን እንቢ ለማለት ይቸገራል። ለተማሪዎቻችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ክፉ ሥራ ሁልጊዜ ክፉ ፊት ይዞ አይመጣም፤ የሥራ ትዕዛዝ ሆኖ፣ ደረሰኝ ሆኖ፣ የወር ሪፖርት ሆኖም ይመጣል።

ሰሃራን ያቋረጠው ወርቅ

ይህ ታሪክ የአውሮፓ ብቻ ነው የምንል ካለን አንድ ነገር እንጨምር። ቤልጂየም ጦርነቱን ፈርታ 198 ቶን ያህል ወርቅ ለፈረንሳይ ባንክ በአደራ ሰጥታ ነበር። በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር ወርቁ በመርከብ ወደ ዳካር ተላከ፤ ከዚያም ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር ወደሚገኘው ወደ ካይስ ገባ። የቪሺ የፈረንሳይ መንግሥት ግን ለጀርመን ለማስረከብ ተስማማ። ያ ሁሉ ወርቅ በባቡር፣ በኒጀር ወንዝ በጀልባ፣ በሰሃራ በረሃ በመኪናና በግመል እየተጫነ ወደ አልጀርስ፣ ከዚያ ወደ ማርሴይ፣ በመጨረሻም ወደ በርሊን ተጓዘ። ጉዞው በ1942 አለቀ። የሰው አደራ በአፍሪካ አሸዋ ላይ አልፎ ወደ ዘራፊው ካዝና ገባ ማለት ነው።

በርሊን እንደደረሰ ወርቁ ቀለጠ። አዲሱ ጥፍጥፍ ላይ የታተመው ዓመት ግን ከጦርነቱ በፊት ያለ ዓመት ነበር፤ የጀርመን የቆየ ወርቅ እንዲመስል። ከዚያ አብዛኛው ለስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ተሸጠ። ባንኩ በጦርነቱ ዓመታት 1.2 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ያህል የሚያወጣ ወርቅ ከጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ገዝቷል። ጀርመን በፍራንኩ ለጦር መሣሪያ የሚያስፈልጋትን ጥሬ ዕቃ ከውጭ ሸመተች። በ1996 በስዊዘርላንድ የተቋቋመው በፕሮፌሰር ዣን ፍራንሷ በርዢዬ የሚመራው ኮሚሽን እንደደረሰበት፣ የባንኩ ኃላፊዎች ጀርመን የተዘረፈ ወርቅ በእጇ እንዳለ ገና በጊዜ ያውቁ ነበር። ቢሆንም መግዛታቸውን አላቆሙም።

ማን ተጠየቀ?

በሚያዝያ 1945 የአሜሪካ ጦር በመርከርስ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀውን የባንኩን ንብረት አገኘ። ከስምንት ሺህ በላይ ጥፍጥፍ ወርቅ ነበር። ከጎኑም ገና ያልቀለጠው የካምፖቹ ንብረት በየሻንጣው ታጭቆ ተገኘ።

የባንኩ ፕሬዚዳንት ዋልተር ፉንክ በ1946 በኑርምበርግ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ1957 በሕመም ምክንያት ተለቀቀ። ምክትሉ ኤሚል ፑል በ1949 አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከትልልቅ ኩባንያዎች የኢ ጌ ፋርበንና የክሩፕ ኃላፊዎች በ1948 ከተያዙ አገሮች ፋብሪካና ንብረት በመዝረፍ ጭምር ተፈርዶባቸዋል። ይህ በሕግ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ነጋዴም በጦርነት ዘረፋ ሊጠየቅ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። ሆኖም ወርቁን ያቀለጠው ደጉሳ እንደ ኩባንያም ሆነ በኃላፊዎቹ በኩል በኑርምበርግ ችሎት ፊት አልቀረበም።

ስዊዘርላንድ በ1946 በዋሽንግተን በተደረገ ስምምነት 250 ሚሊዮን ፍራንክ ከፈለች። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ያቋቋሙት ኮሚሽን 337 ቶን ያህል ወርቅ ለተዘረፉት አገሮች አከፋፍሎ ሥራውን የጨረሰው በ1998 ነው። ከአምሳ ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ወርቁም የተመለሰው ለማዕከላዊ ባንኮች ነበር። ቀለበቷን የተነጠቀችው ሴት ወራሾች በዚያ አካፋፈል ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ለምን ቢባል፣ ቀለበቱ ቀልጦ ጥፍጥፍ ሆኗል፤ ጥፍጥፍ ደግሞ የመንግሥት ነው ተባለ።

ሁለተኛው ታሪክ፦ ኪሎ ሞቶ እና ሞንግብዋሉ

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ፣ በኢቱሪና በላይኛው ዌሌ፣ ኪሎ ሞቶ የሚባል የወርቅ ቀበቶ አለ። ወርቁ የተገኘው በ1903 በንጉሥ ሊዮፖልድ ዘመን ነው። በቤልጂየም ቅኝ ግዛት ጊዜ ሰው እየተገደደ ቆፈረው። ከነፃነት በኋላም የመንግሥት ኩባንያ ያዘው። ሕዝቡ ግን በወርቅ ላይ ተቀምጦ ድሃ ሆኖ ቀረ።

በነሐሴ 1998 የኡጋንዳና የሩዋንዳ ጦር ኮንጎ ገባ። የኡጋንዳ ጦር የወርቁን አካባቢ ያዘ። ዱርባ አጠገብ ጎሩምብዋ በሚባለው የማዕድን ጉድጓድ ወታደሮቹ ወርቅ ለማውጣት ጣሪያውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች በፈንጂ አፈረሱ። በ1999 ጉድጓዱ ተደርምሶ በውሃ ተሞላ፤ ሰዎችም ሞቱበት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2005 ባወጣው ሪፖርት እንደገመተው የኡጋንዳ ጦር በዚያ አካባቢ በቆየባቸው አራት ዓመታት አንድ ቶን ያህል ወርቅ ወጥቷል።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህራንን እንጋብዝ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በሚያዝያ 2001 ያወጣው ሪፖርት የኡጋንዳን የወርቅ ምርትና የወርቅ ኤክስፖርት ጎን ለጎን አስቀምጧል። በ1999 ኡጋንዳ በአገሯ ያመረተችው 0.0047 ቶን፣ ወደ ውጭ የላከችው ግን 11.45 ቶን። በ2000 ያመረተችው 0.0044 ቶን፣ የላከችው 10.83 ቶን። ወደ ኪሎ ሲለወጥ የ1999 ምርት አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ የተሸጠው ግን 11,450 ኪሎ ነው። አካፍሉት፤ ከሁለት ሺህ አራት መቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። አንድ ጣሳ ማሽላ ያመረተ ገበሬ ሁለት ሺህ አራት መቶ ጣሳ ይዞ ገበያ ቢወጣ «ከየት አመጣኸው?» የማይለው ማን ነው? የወርቅ ገዢዎች ግን ገዙ።

መንገዱ እንደሚከተለው ነበር። ቆፋሪው ዱቄቱን ለአካባቢው ነጋዴ ይሸጣል፤ ከገቢውም ለታጣቂው ይገብራል። ነጋዴው ወርቁን እንደ ቡቴምቦና አሪዋራ ወዳሉ ከተሞች ይወስዳል። ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ካምፓላ ይገባል። በካምፓላ ላኪ ኩባንያዎች የኡጋንዳ ወረቀት ያወጡለታል። ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ውጭ፣ በብዛትም ወደ ስዊዘርላንድ ማጣሪያዎች። በ2003 ከኡጋንዳ የወጣው የኮንጎ ወርቅ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጣ ሂዩማን ራይትስ ዎች ገምቷል። ከገዢዎቹ አንዱ ሜታሎር ቴክኖሎጂስ የተባለው የስዊዝ ማጣሪያ ነበር። ይህ ኩባንያ ሪፖርቱ በወጣበት ሰሞን ከኡጋንዳ መግዛቱን አቆመ።

ሞንግብዋሉ የምትባለው የወርቅ ከተማ ደግሞ ከ2002 እስከ 2004 በሄማና በሌንዱ ስም በተደራጁ ታጣቂዎች መካከል ብዙ ጊዜ ከእጅ እጅ ተዘዋወረች። ሪፖርቱ እንደሚለው በሞንግብዋሉና አካባቢዋ ቢያንስ ሁለት ሺህ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከ1999 ጀምሮ በመላው ኢቱሪ የሞቱት ከ60 ሺህ ይበልጣሉ። በዚያው ጊዜ ትልቁ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ኩባንያ አንግሎጎልድ አሻንቲ በአካባቢው የማዕድን ይዞታ ነበረው። ሠራተኞቹን ወደ ሞንግብዋሉ ሲልክ ከተማዋ ኤፍ ኤን አይ በተባለው ታጣቂ ቡድን እጅ ነበረች። ኩባንያው በጥር 2005 ለዚህ ቡድን 8,000 ዶላር መክፈሉን አምኗል። ተገደን ነው የከፈልነው፣ ልክ አልነበረም ብሏል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በበኩሉ ከገንዘቡ ሌላ መጓጓዣና ሌላ እርዳታም ለቡድኑ እንደተሰጠ ጽፏል።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን። በጠመንጃ ፊት የሚቆም ሰው ክፈል ሲባል ይከፍላል፤ ይህንን እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። ቆፋሪው ከሞንግብዋሉ ቢወጣ የሚበላው የለውም። በብዙ አገር ማዕድን ያለው ኩባንያ ግን ሰላም እስኪመጣ ድረስ ሊጠብቅ ይችላል። «ተገደድኩ» የሚለው ቃል ለሁለቱ እኩል አይመዝንም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ዘረፋ የጦርነት ልማድ ነው፣ ሕግ የለውም ይላል። ልክ አይደለም። የ1907 የሄግ ስምምነት ዘረፋን ይከለክላል። የ1949 አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 33 ይከለክላል። የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የ1998 የሮም ስምምነትም ዘረፋን የጦር ወንጀል ብሎ ይጠራዋል።

ሕጉ ሥራ ላይም ውሏል። የኢቱሪ ታጣቂ መሪ ዠርሜን ካታንጋ በ2014 ጥፋተኛ ሲባል ከወንጀሎቹ አንዱ ዘረፋ ነበር። ቦስኮ ንታጋንዳ በ2019 ሠላሳ ዓመት ሲፈረድበት በሞንግብዋሉ የተፈጸመው ዘረፋ ከክሱ ውስጥ ነበረበት። በመንግሥታት ደረጃ ደግሞ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2005 ኡጋንዳ በኮንጎ የተፈጥሮ ሀብት ዘረፋ ተጠያቂ ናት ብሎ ወሰነ። ካሳው ግን የተቆረጠው በየካቲት 2022 ነው። በጠቅላላው 325 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ወርቅን ጨምሮ ለተፈጥሮ ሀብት የታሰበው 60 ሚሊዮን ነው።

ኩባንያዎቹስ? የተባበሩት መንግሥታት ቡድን በጥቅምት 2002 የኩባንያዎችን የሥነ ምግባር መመሪያ ጥሰዋል ያላቸውን 85 ኩባንያዎች በስም ዘርዝሮ ነበር። መመሪያ ግን ሕግ አይደለም፤ በዚያ ዝርዝር የተነሳ እስር ቤት የገባ የለም። በመጋቢት 2007 የጸጥታው ምክር ቤት ማቻንጋ እና ኡጋንዳ ኮሜርሻል ኢምፔክስ የተባሉትን ሁለት የካምፓላ ወርቅ ላኪዎች በማዕቀብ ዝርዝር አስገባ። በ2013 ደግሞ አርጎር ሄሬውስ የተባለው የስዊዝ ማጣሪያ በ2004 እና 2005 ከኮንጎ የተዘረፈ ሦስት ቶን ገደማ ወርቅ አጣርቷል ተብሎ ለስዊዝ አቃቤ ሕግ አቤቱታ ቀረበ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። አቃቤ ሕጉም ኩባንያው የወርቁን አመጣጥ ማወቁ አልተረጋገጠም በማለት በ2015 መዝገቡን ዘጋው።

ውጤቱን እንየው። የዘረፈው ታጣቂ ተፈረደበት። ጦሩን የላከው መንግሥት ካሳ እንዲከፍል ተደረገ። ገዝቶ ያቀለጠው ግን «አላወቅሁም» ብሎ አለፈ። ሕጉ ማወቅን ይጠይቃል፤ አለማወቅ ደግሞ ለነጋዴው ጥሩ መሸሸጊያ ሆነለት። ባልጠይቅ አላውቅም፤ ካላወቅሁ አልጠየቅም እንደማለት ነው።

ምን ተለወጠ?

ሙሉ በሙሉ ምንም አልተለወጠም ማለት አይቻልም። አሜሪካ በ2010 ያወጣችው ሕግ በገበያዋ ያሉ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ወርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ታንታለምና ተንግስተን ከኮንጎና ከጎረቤቶቿ የመጣ መሆን አለመሆኑን መርምረው እንዲያሳውቁ ያዝዛል። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ደንብ ከጥር 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ሐሳቡ «አላወቅሁም» ማለትን ለማስቀረት ነው። መጠየቅ ግዴታ ከሆነ አለመጠየቅ ጥፋት ይሆናል።

ሌላ ችግር ግን መጣ። በመስከረም 2010 የኮንጎ መንግሥት በሁለቱ ኪቩዎችና በማኒዬማ ማዕድን ማውጣትን በሙሉ አግዶ እስከ መጋቢት 2011 ቆየ። ታጣቂውን ለመቅጣት የተባለው ቆፋሪውን ቀጣው። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስተምረው አባት ሥራ ፈታ። ስለዚህ መፍትሔው «የኮንጎን ወርቅ አትግዙ» ማለት ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

ዘረፋውም መንገዱን ይቀይራል እንጂ አይቆምም። በመጋቢት 2022 አሜሪካ ኢንቴቤ በሚገኘው አፍሪካን ጎልድ ሪፋይነሪ በተባለው ማጣሪያና በቤልጂየማዊው ነጋዴ አለን ጎትዝ ላይ ከምሥራቅ ኮንጎ ወርቅ ጋር በተያያዘ ማዕቀብ ጣለች። በሱዳን በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሳ፣ በሰኔ ወር ማዕቀብ ከተጣለባቸው ኩባንያዎች አንዱ ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መሪዎች ጋር የተያያዘው በወርቅ የሚነግደው አል ጁነይድ ነበር። በጦሩ በኩል ያሉ ኩባንያዎችም አብረው ተቀጥተዋል። ሱዳናውያን ስደተኞች ወደየካምፑ ሲመጡ እኛ የምናየው የደከመ ሰውና የተጠቀለለ ፍራሽ ነው። ከጀርባቸው ሚዛንና ደረሰኝ እንዳለ ግን ማስተዋል ይገባናል።

ለተማሪዎቻችን የምንለው

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። እሳት የወርቁን ታሪክ ቢያጠፋም ወረቀት ተርፎ መሰከረ። ሜልመር ስንት ጊዜ እንዳስረከበ የታወቀው ባንኩ መዝግቦት ስለነበረ ነው። የቤልጂየም ወርቅ የት እንደደረሰ የተጣራው የጥፍጥፎቹ ቁጥርና ክብደት በመዝገብ ስለተገኘ ነው። የኡጋንዳ ምርትና ኤክስፖርት የተነጻጸረው አንድ የመንግሥት ቢሮ ቁጥሩን ጽፎ ስላስቀመጠው ነው። ቁጥሩን የጻፉት ጸሐፊዎች ምናልባት የሚጽፉት ማስረጃ መሆኑን አላሰቡም። ግን ጻፉት።

እኛ መምህራን ሒሳብ፣ ታሪክና ቋንቋ ለየብቻ የምናስተምር ይመስለናል። ሁለት ቁጥሮችን አካፍሎ «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» የሚል ተማሪ ሦስቱንም ትምህርት አንድ ላይ ተምሯል። ነገ ከእናንተ መካከል ጉምሩክ ላይ የሚሠራ፣ ባንክ ውስጥ የሚቀጠር፣ ኩባንያ የሚያስተዳድር ይኖራል። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ የሚያምር ማኅተም ያለው ወረቀት ይቀመጥለታል። ያን ቀን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አጭር ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስም እሱው ነው።

በክፍል ውስጥ ለውይይት

1. የ1999 እና የ2000 የኡጋንዳን የወርቅ ምርትና ኤክስፖርት በሰንጠረዥ አስቀምጡ። እናንተ ገዢ ብትሆኑ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቃላችሁ?

2. ዝርፊያ በአዋጅ ሲፈጸም (እንደ 1939 ጀርመን) እና በጠመንጃ ሲፈጸም (እንደ ሞንግብዋሉ) ልዩነቱ ምንድን ነው? ተመሳሳይነቱስ?

3. «ተገደድኩ» የሚለውን መልስ ለቆፋሪው፣ ለነጋዴውና ለኩባንያው ለየብቻ መዝኑት።

4. ከኮንጎ ወይም ከሱዳን የመጡ የክፍል ጓደኞች ካሏችሁ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ፣ በአገራቸው ወርቅ እንዴት እንደሚቆፈርና እንደሚሸጥ እንዲያስረዷችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በጥንቃቄ ጻፉ፤ ጽፋችሁም አስቀምጡ።